ለዓረፋ ዶርም የሚቀረው ማነው?



ዓረፋ ሲቃረብ የግቢያችን ወሬ ሁሉ የመኪና ነው። የጅማ ልጅ ምን ችግር አለበት፤ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት ቤቱ ነው። ስልጤና ጉራጌ ወንድሞቻችን ለዓረፋ አገር ካልገቡ ዓረፋ የዋሉ አይመስላቸውምና ፈተና ቢኖርም ባይኖርም ይሄዳሉ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ከሚዛን አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንድ ሙሉ ቀን፤ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ሌላ ቀን። በካላንደሩ የተሰጠን ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። (እሱም ቢሆን በቀላሉ አልተገኘም፤ አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው ከጠየቁ በኋላ ነው በዓሎቻችን በአገር ደረጃ የታወቁት።) ዓረፋ እንኳ ጨረቃዋ ከታየች በኋላ ዘጠኝ ቀን ፋታ ትሰጣለች። ፊጥር ማታ ታይታ ጠዋት ነው፤ ማን ትኬት ይቆርጣል?

ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀር አለ። ለሚቀረውም ፕሮግራም እናዘጋጃለን፤ ለደከሙበት አላህ ይመንዳቸው። ቅሬታዬ በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በፕሮግራማችን የሚገኘው መዋጮ የከፈለው ነው። ፕሮግራሙ በጣም የሚያስፈልገው ግን ያልከፈለው ነው።

ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። ፍሬሽ ሳለሁ፣ የ2016 ዓረፋ ሰኔ 9 እሁድ ዋለ። ለበሬው መዋጮ 300 ብር ነበር፤ የከፈለ ሰው ስም ከፊት ለፊቱ ምልክት ይደረግበታል። እኔ ኪስ ውስጥ 110 ብር ነበረች። አትምጣ ያለኝ ሰው የለም፤ ብሄድ ደስ ይላቸው ነበር። ግን ስሜ ፊት ምልክት ሳይኖር ቁጭ ብዬ ሥጋ መጉረስ አልሆነልኝም። ሶላቱን ሰግጄ፣ ኹጥባውን ሰምቼ፣ ሰው እየተቃቀፈ ዒድ ሙባረክ ሲባባል በጎን ወጥቼ ዶርም ገባሁ። የሚዛንን የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ተኝቼ እሱን ሳዳምጥ ዋልኩ።

ከሰዓት እህቴ ከሪያድ ደወለች።

«ምን በላችሁ?»

«በሬ ታርዶ! ጀመዓው በሙሉ አንድ ላይ ነን። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ሁሉ ዒድ ነው።»

ከወራት በኋላ ነው የነገረችኝ። ቤቱ ዒድ የሆነው ለባለቤቶቹ ነበር። እንግዳ ሲገባ ሲወጣ፣ እሷ ከፈጅር እስከ እኩለ ሌሊት ወጥ ቤት ቆማ ነበር የዋለችው። ዒድ የሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ከዓመቱ የሥራ ቀን ሁሉ የከበደው ነው። እኔም ዋሸሁ፣ እሷም ዋሸች፣ እናታችን ሁለታችንንም አምና ለጎረቤት አወራች። አላህ ይማረን። በመካከላችን የእህትና የወንድም የሪያልና የድርሃም እጅ ያስተማረው ብዙ ስለሆነ ይህን ስልክ የማያውቀው ጥቂት ነው።

እህቴ ከወጥ ቤት መውጣት አትችልም ነበር። እኔን ግን ዶርም ያስቀረኝ አንዲት ዝርዝር ናት፤ ዝርዝር ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

በዒድ ቀን የጀዕፈርን (ረ.ዐ) ስደት ማንሳት እንወዳለን። እውነት ነው፤ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ላይ ዒድ ሲጀመር እነሱ እዚሁ ሐበሻ ነበሩ፤ እስከ 7ኛው ዓመትም ቆይተዋል። ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሲሰደዱ ሰማንያ ያህል ወንዶች ከነቤተሰቦቻቸው ነበሩ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒድ ሴቶችን ሁሉ እንዲያወጡ አዘዙ፤ የወር አበባ ላይ ያለችው እንኳ ከመስገጃው ፈንጠር ብላ መልካሙንና ዱዓውን እንድትካፈል። ጅልባብ የሌላት ብትኖርስ ተብለው ሲጠየቁ ቤት ትቅር አላሉም፤ ጓደኛዋ ከራሷ ታልብሳት አሉ። የምትለብሰው የሌላት ካልቀረች፣ 300 ብር የሌለው ለምን ይቀራል?

በዚያ ላይ ስድሳ ሆነን ያዋጣንበት በሬ ኡድሒያ አይሆንም። ጃቢር (ረ.ዐ) ስለ ሁደይቢያ ከዘገቡት በመነሳት አብዛኞቹ ዑለማዎች ከብት ለሰባት ሰው ነው ይላሉ። የእኛው ጥሩ ግብዣ ነው፣ ሐላል ሥጋ ነው፤ ኡድሒያ ግን አይደለም። ታዲያ ሰባት ሰው ለምን አንፈልግም? ከመምህራን፣ ተመርቀው ሥራ ከያዙ ወንድሞቻችን፣ ከከተማው ነጋዴዎች። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩ ሰዎች ልጆችም በዚህ አካባቢ አሉ፤ ገበያ ላይ አነጋገሬን ሰምተው «የየት ልጅ ነህ?» ብለው ቡና ያስጠጡኝ አሉ። ሰባቱ ኡድሒያቸውን በራሳቸው ኒያ እዚህ ያርዳሉ፤ ከኡድሒያ ማብላት ደግሞ ሱና ነው። ተማሪው እንግዳ ሆኖ ይበላል፤ ምልክት የሚደረግበት ስም አይኖርም። ለዳቦው፣ ለማገዶውና ለቡናው ስም የማይጻፍበት ሳጥን ይቀመጥ፤ ያለው ያስገባ፣ የሌለው አጠገቡ ይለፍ።

ለምትሄዱት አንድ ነገር ልለምን። ሻንጣችሁን ከመቆለፋችሁ በፊት በዚያ ሳጥን በኩል እለፉ፤ አቅማችሁ የቻለውን ትታችሁ ሂዱ። እኔ ዘንድሮም አልሄድም። በዓረፋ ጠዋት ከሶላት በፊትና በኋላ የወንዶቹን ዶርም በር እየዞርኩ አንኳኳለሁ፤ በእህቶች በኩልም እንዲሁ የሚያደርጉ ሁለት ተገኝተዋል፣ ትርፍ ጅልባብም ይዘው ይዞራሉ። ያነቃሁት ፍሬሽ «እኔ እኮ አልከፈልኩም» ሲለኝ «ወደ አገሩ የሄደ ወንድምህ ያንተን ትቶልሃል» ልለው እፈልጋለሁ፤ እውነት እንዲሆን አድርጉልኝ።