ትምህርት ቤት በካሬ ሜትር አይመዘንም

በለንደን ከተማ፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር፥ ግሪኒች በሚባለው ሥፍራ የቀድሞው የንጉሣዊ ባሕር ኃይል ኮሌጅ ሕንፃዎች ቆመው ይታያሉ። በዚህ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በዚያ ስናልፍ ውበታቸውን ብቻ አድንቀን መሄድ አይገባንም። ታሪካቸው የእኛም ጉዳይ ነውና።

ሥፍራው በ1694 እ.ኤ.አ. ለአረጁና ለቆሰሉ መርከበኞች መጦሪያ እንዲሆን ተመሠረተ። ከ1873 ጀምሮ ኮሌጅ ሆኖ ለመኮንኖች ከፍተኛ ትምህርት ሰጠ። ከ1962 እስከ 1996 ድረስ በአንዱ ጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ ጄሰን የተባለ አነስተኛ የኑክሌር ማብላያ ተተክሎ ለማስተማሪያ ያገለግል ነበር። ታዲያ የንብረት ገማች ይህን ሁሉ በየትኛው ዓምድ ይመዘግበዋል?

በ1995 ግቢው በንብረት ደላላ በኩል ለ150 ዓመት እንዲከራይ ማስታወቂያ ወጣ። ሕዝቡም ጮኸ። ባሕር ኃይሉ በ1998 ለቅቆ ሲሄድ ግቢው የነጋዴ ሲሳይ አልሆነም። በ1999 ዩኒቨርሲቲ፥ በ2001 ደግሞ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባበት።

«ጥቂት መኮንኖች ቤተ መንግሥት በሚያህል ግቢ መማራቸው ለመንግሥት ካዝና ከባድ ነው» የሚሉ ነበሩ። ክርክሩ ፍሬ የለውም አንልም። የሕዝብ ገንዘብ መቆጠር አለበት። እኛ የምንቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። አስቀድሞ ምን ትምህርት፥ ለማን፥ ለስንት ተማሪ እንደሚሰጥ ይወሰን፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይታሰብ። መጀመሪያ ቤቱን ገምቶ ኋላ ትምህርቱን መፈለግ የሚያርስ በሬን በቆዳው ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን ነበር። ዛሬም የተማሪው ቁጥር አነሰ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነካው የቋንቋና የታሪክ ትምህርት ነው። አምስት ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል ባዶ ክፍል ይባላል። ከአምስቱ አንዱ ነገ የአገሩን መዛግብት የሚያነብ ብቸኛ ሰው ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ መምህራንም ተማሪዎችም ሆይ፥ ዝም አንበል! ማናቸውም ትምህርት ከመዘጋቱ፥ ማናቸውም ሕንፃ ከመገመቱ በፊት የትምህርቱ ዝርዝርና የተማሪው ቁጥር በፊታችን ይቅረብ። ገማቹ ከመጠራቱ በፊት የሚያስተምረውና የሚማረው ይጠየቅ!