የብላቴናው ካርድና የመምህራኑ ኅብረት

በዚህ ሳምንት ከነቀምት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁት ነገር ልቤን እጅግ ስላስደሰተው፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ መምህራን ሁሉ በኅብረት ሊይዙት ይገባል የሚለውን አሮጌ ሙግቴን ደግሜ ለማንሣት ተገድጃለሁ። ኦቲዝም ያለበት፣ ቃልም ከአንደበቱ የማይወጣለት አንድ ብላቴና፣ ቀድሞ ውኃ በጠማው ጊዜ ያገኘውን ሰው እጅ ይዞ ወደ ቧንቧው ይጎትት የነበረው፣ ዛሬ ውኃ የተሣለበትን ካርድ አንሥቶ ይሰጣል፤ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የክፍል ኃላፊው፣ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ፣ የስፖርት መምህሩና ዘበኛው ሳይቀሩ ካርዱን በአንድ ዓይነት ሥርዓት መቀበላቸው ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን እንዲህ ያለው ልጅ ለአንድ መምህር ብቻ ይሰጥና የቀሩት ከኃላፊነት ነጻ እንደ ወጡ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ጠዋት በሥዕል ሲናገር ያረፈደው ሕፃን፣ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉን ከማያውቅ መምህር ዘንድ ሲደርስ ልሳኑ ይዘጋል፤ ጨንቆት ቢጮኽም ባለጌ ይባላል። «ካርድ ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚሉትን ምርምርም ልምድም ስለማይደግፋቸው እዚሁ እንለፋቸው።

ይህን ችግር በራሳቸው ያዩት፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ሥራቸው የተመሰገነ ነው፤ ይሁን እንጂ ነቀምት ከዚያ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና፣ የወለጋዋ እናት ተስፋ እዚሁ ባሉት መምህራን ላይ ነው።

ወለጋም ለዚህ ዓይነቱ ኅብረት እንግዳ አይደለችም። በልጅነቱ ከአገሩ ተወስዶ የእናቱ ልሳን የሳሳበት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ የኦሮምኛ መማሪያ ብቻውን ለማዘጋጀት ቢደክም ኖሮ ሥራው በጎደለ ነበር፤ ነገር ግን የባልደረባው የአስቴር ጋኖ ጥልቅ የቋንቋ ዕውቀት ስለ ታከለበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 የኦሮምኛው የፊደል መማሪያ በኤርትራ ምንኩሉ ሊታተም ቻለ፤ ኦነሲሞስም በዚያው አቆጣጠር በ1904 ወደ ነቀምት መጥቶ በማስተማር ተጋ።

ስለዚህ ርእሳነ መምህራንን የምለምነው፣ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያስተምሩ መምህራን ሁሉ ስለ እርሱ የሚመክሩበትን ሰዓት በየሳምንቱ ከክፍለ ጊዜው ውስጥ እንዲመድቡላቸው ነው። በዚያም ሰዓት ለእናቲቱ ወንበር ይዘጋጅላት፤ ልጇ ጆሮውን የሚደፍነው በእልኸኝነት ሳይሆን የደወሉ ድምፅ ስለሚያስጨንቀው መሆኑን ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናትና።