የጌታ ደጅና የሃይድን መለዮ

በኪነ ጥበብ ጉባኤዎችና በጋዜጣ ዓምዶች ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ሙግት አለ። ባጭሩ ሲቀመጥ፣ «አውሮፓ ሃይድንን ያገኘችው ልዑል ኤስተርሃዚ ስለነበራት ነው፤ እኛም ለጋስ ባለጸጋ ብናገኝ የራሳችን ሃይድን በኖረን ነበር» የሚል ነው። ከዚህ ሙግት የሚወለደው መፍትሔም የታወቀ ነው፦ ሙዚቀኛው ባለሥልጣን ያስጠጋው፣ ባለሀብት ያስታምመው፣ ስፖንሰር ደጅ ይጥና። ነገር ግን ይህ የክላሲካል ሙዚቃ ዘመን የሚባለውን፣ በግምት እ.ኤ.አ. ከ1750 እስከ 1820 ያለውን ጊዜ፣ በግማሹ ብቻ ያነበበ ሰው ሙግት ነው። የዘመኑ ታሪክ በሙሉ ሲነበብ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው።

ከሃይድን እንጀምር። ዮሴፍ ሃይድን በ1761 ከኤስተርሃዚ ቤት ጋር የፈረመው ውል ዛሬም አለ። በውሉ መሠረት ሙዚቀኛው ነጭ የእግር ሹራብ አጥልቆ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን ዱቄት ነስንሶ ወይም ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍቶ መቅረብ ነበረበት። በየቀኑ ከቀትር በፊትና ከቀትር በኋላ በእልፍኙ ደጅ ቆሞ፣ ጌታው ዛሬ ሙዚቃ ያዝዙ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታው ነበር። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ የደረሰውን ሙዚቃ ለማንም እንዳያስገለብጥ፣ ያለ ጌታው ፈቃድም ለሌላ ሰው እንዳይደርስ ታግዶ ነበር። አማርኛ ለዚህ ኑሮ የቆየ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት ይባላል።

በ1772 ልዑሉ በገጠር ቤተ መንግሥታቸው ቆይታቸውን ሲያራዝሙ፣ ከሚስቶቻቸው የተለዩት ሙዚቀኞች በናፍቆት ተቸገሩ። ሃይድንም «የስንብት» የሚባለውን ሲምፎኒ ደረሰ። በሥራው መጨረሻ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ። ልዑሉ መልእክቱ ገባቸውና ማግስቱን ፈቃድ ሰጡ ይባላል። የደጅ ጥናት ወዳጆች ይህን ታሪክ የጌታ ደግነት ማስረጃ አድርገው ይተርኩታል። በጌታው ፊት ቅሬታውን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ያሰማ የነበረውን አዝማሪ የሚያውቅ አንባቢ ግን ሌላ ነገር ያነብበታል። ከሠራተኞቹ ጋር ቤቱ ለመሄድ አንድ ሲምፎኒ መጻፍ የሚያስፈልገው ሰው ቅኔ ቢዋጣለትም ነጻ ሰው አይባልም።

እርግጥ ነው፣ ተከራካሪዎቹ ሙሉ በሙሉ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ኤስተርሃዚ ለሃይድን ቋሚ ደመወዝና የደረሰውን ወዲያው የሚሞክርበት ኦርኬስትራ ሰጥተውታል። ሃይድን ራሱ በእርጅናው ዘመን፣ ከዓለም ርቆ መኖሩ የራሱን መንገድ እንዲያበጅ እንደረዳው ተናግሯል። ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ሃይድን የአውሮፓ ሃይድን የሆነው መቼ ነው? በ1779 ውሉ ሲታደስ ያ እግድ ከተነሣለት በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት የቪየናው አሳታሚ አርታሪያ ሥራዎቹን ማተም ጀመረ፤ ከፓሪስ የስድስት ሲምፎኒዎች ትእዛዝ መጣለት። በ1790 ልዑል ኒኮላውስ ሲሞቱ ወራሻቸው ኦርኬስትራውን በተኑት፤ የሠላሳ ዓመት ቤት በአንድ ሰው ሞት ፈረሰ። ሃይድን ግን ወደ ለንደን ተሻግሮ፣ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በሚገባ ሕዝብ ፊት፣ የመጨረሻዎቹን ታላላቅ ሲምፎኒዎቹን አሰማ።

ሞዛርትስ? በሳልዝቡርጉ ሊቀ ጳጳስ ቤት ማዕድ ላይ መቀመጫው ከጌታው የቅርብ አሽከሮች በታች፣ ከወጥ ቤቶቹ በላይ እንደነበረ ለአባቱ በምሬት ጽፏል። በ1781 አገልግሎቱን ሲለቅ፣ እርሱ እንደጻፈው፣ የጳጳሱ ሹም በእርግጫ አስወጣው። «ታዲያ ነጻነቱ ምን ፈየደለት? በ1791 ሲሞት ባለዕዳ አልነበረምን?» የሚል አይጠፋም። ዕዳ ነበረበት። ጉድለቱ ግን የጌታ ማጣት ሳይሆን የሕግ ማጣት ነበር። በቪየና የኦፔራ ደራሲ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ሥራው በከተማው ሁሉ ቢታይ፣ ገልባጮች ቢቸበችቡት፣ ለደራሲው የሚደርሰው ነገር አልነበረም። በለንደን ግን ዮሐን ክርስቲያን ባኽ ሙዚቃውን ያለ ፈቃድ ያተሙ ነጋዴዎችን ከስሶ፣ በ1777 ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ የ1710 የደራስያን መብት ሕግ የታተመ ሙዚቃንም እንደሚጠብቅ ፈረዱለት። ይህ ፍርድ በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ከአንድ ሲምፎኒ ያነሰ ቦታ ይሰጠዋል፤ ለሙዚቀኛው ግን ከብዙ ልዑላን ስጦታ የሚበልጥ ነው።

የዘመኑ ፈጠራዎችም የመሰከሩት ይህንኑ ነው። በ1790ዎቹ መጨረሻ በድንጋይ ላይ ጽፎ የማተምን ዘዴ ያገኘው አሎይስ ዘነፌልደር የራሱን ተውኔቶች ማሳተሚያ ገንዘብ ያጣ ደራሲ ነበር። ዘዴው ቶሎ የዋለው የሙዚቃ ኖታ በርካሽ ለማተም ነው። የለንደኑ ብሮድዉድና የፓሪሱ ኤራርድ ፒያኖን እያሻሻሉ ለነጋዴውና ለጠበቃው ቤት አደረሱት። ኖታ ገዝቶ የሚጫወት ሕዝብ ሲፈጠር ሙዚቀኛው ከአንድ ጌታ ይልቅ ሺህ ደንበኞች አገኘ።

ምናልባት «እንደ ቤትሆቨን ደጋፊዎች ያለ ቢገኝስ?» ይባል ይሆናል። በ1809 ሦስት መሳፍንት፣ አርክዱክ ሩዶልፍ፣ ሎብኮቪትስና ኪንስኪ፣ ቤትሆቨን ከቪየና እንዳይሄድ ብቻ በዓመት 4000 ፍሎሪን ሊከፍሉት ተፈራረሙ። ከዚህ የተሻለ ልግስና በዘመኑ አይገኝም። በ1811 የኦስትሪያ የወረቀት ገንዘብ ዋጋው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ፤ በ1812 ኪንስኪ ከፈረስ ወድቀው ሞቱ፤ ሎብኮቪትስ በዕዳ ተዘፈቁ። ቤትሆቨን ገንዘቡን ለማግኘት ዓመታት ተሟገተ፤ በመጨረሻ አብዛኛውን ያስመለሰለት የተፈረመ ወረቀት በእጁ መኖሩ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

የጌታ ደጅ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይከፈትም። በጓዴሎፕ ከባሪያ እናት የተወለደው ቮዮሊኒስትና ደራሲ ሸቫሊየር ደ ሴን ዦርዥ፣ በ1776 ለፓሪስ ኦፔራ አመራር ሲታጭ፣ የኦፔራው ሴት አርቲስቶች ከክልስ ሰው ትእዛዝ አንቀበልም ብለው ለንግሥት ማሪ አንትዋኔት አቤት አሉ። ሹመቱም ቀረበት። በሞገስ የሚሰጥ ነገር በሹክሹክታ ይነጠቃል፤ ይግባኝ የሚባልበት ችሎትም የለውም።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ለሙዚቀኛው ምን ይጠየቅለት? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ዘፈን በየሆቴሉ፣ በየአውቶቡሱና በየሬዲዮ ጣቢያው ሲደመጥ ደራሲው ድርሻውን የሚያገኝበት መሠረት በወረቀት ተጥሏል ማለት ነው። ስለ ሙያው የሚቆረቆር ሰው ድምፁን ማሰማት ያለበት ይህ ድንጋጌ በተግባር እንዲውል ነው፦ ማን ተጫወተ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ተሰበሰበ፣ ለማን ደረሰ ብሎ በመጠየቅ። ባለጸጋ መስጠት ከፈለገ ይስጥ፤ የሚከለክለው የለም። ለጋስ ጌታ እንዲገኝ ብቻ የሚመኝ ተሟጋች ግን፣ ሃይድን በ1779 ከጫንቃው ያወረደውን ውል አንሥቶ ለዛሬው ሙዚቀኛ ፈርምልኝ እያለው ነው።