ቀን ቆርጠን እናውጣ



«ሲያልቅ እናወጣዋለን» የሚለው ቃል በመካከላችን ተለምዷል። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የምንጽፍ የነቀምቴ ተማሪዎች፣ ባለፈው ዓመት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መመዝገቢያ ጀምረን ነበር። ለመስከረም ያልነው ወደ ጥር፣ ከጥርም ወደ ክረምት ተላለፈ። ሰንፈን አይደለም፤ በየሳምንቱ «ይህም ይጨመርበት» ስላልን ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን እስከ ዛሬ በደብተር ይጽፋሉ።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ስመ ጥሩው ዴቢያን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 አንድ እትም ካወጣ በኋላ ተከታዩን ያወጣው በጁን 2005 ነው። ከዴቢያን የተወለደው ኡቡንቱ ግን በኦክቶበር 2004 ሲጀምር በየስድስት ወሩ ለማውጣት ቆረጠ፤ እትሞቹንም በዓመትና በወር ሰየማቸው። ለኤፕሪል 2006 የታቀደው ወደ ጁን ሲዛወርም፣ መዘግየቱ ቀኑ ሳይደርስ ለተጠቃሚው ተነገረ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉን አሉ። እኛ ግን ጥሬው ይውጣ አላልንም። ያልበሰለው ለሚቀጥለው እትም ይቆይ፣ የበሰለው በቀኑ ይውጣ ነው የምንለው። ተከታዩ እትም ሩቅ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ያልጨረሰውን ለማስገባት አይሟገትም። ስለዚህ የተቆረጠ ቀን ችኮላን ያበርዳል እንጂ አያመጣም።

ሆኖም የሌላውን ወራት እንዳለ መቅዳት አይበጀንም። በክረምት ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ እንበተናለን፤ ያን ጊዜ ብናወጣ ስሕተቱን ማን ያርመዋል? በ2012 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት በወለጋ በብዙ ስፍራ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበረስ እንዴት ይረሳል?

ስለሆነም የምናሳስበው ይህን ነው። በዓመት ሁለት እትም፣ በኅዳርና በሚያዝያ እናውጣ። አራት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ነገር መጨመር ይቁም፤ ስሕተት ማረም ብቻ ይቀጥል። እያንዳንዱ እትም ያለ ኢንተርኔት በፍላሽ ተወስዶ የሚጫን ይሁን። የምንዘገይ ከሆነም ቀኑ ሳይደርስ እንናገር።

ሥራችንን በነጻ መስጠታችን ቃላችንን ከመጠበቅ ነጻ አያወጣንም። ደብተሩን ይዘው ለሚጠብቁን ሠራተኛ ኅዳርን ቃል እንግባላቸው፤ በኅዳርም ይዘን እንገኝ።