“ቁጭ በሉ” መድኃኒት አይደለም!

የአርሴናልና የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሬይ ኬኔዲን ታውቁታላችሁ? እድሜያችን ባይደርስበትም ስሙን መስማት ነበረብን፡፡ እ.ኤ.አ በ1971 ከመድፈኞቹ ጋር ሊጉንና ኤፍ ኤ ካፑን ደርቦ አነሳ፡፡ አንፊልድ ሄዶ ደግሞ ሦስት የአውሮፓ ዋንጫ በላ፡፡ ይህ ሰው ገና በ30ዎቹ እድሜው ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው፡፡ አንድሪው ሊስ የተባሉ የነርቭ ሐኪም የድሮ ጨዋታዎቹን ፊልም መልሰው ሲያዩ፣ ምልክቱ ገና ኳስ እየተጫወተ ይታይ ነበር፡፡ ያ ሁሉ ተመልካች እያየው ማንም ልብ አላለም! ኬኔዲ በ2021 አረፈ፡፡

እኛ ሰፈር አንድ ጋሼ አሉ፡፡ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ከእኛ ጋር ተጋፍተው ኳስ የሚያዩ፣ ዳኛ የሚሳደቡ ሰው ነበሩ፡፡ በሽታው ከያዛቸው ወዲህ ግን ከቤት አይወጡም፡፡ “አባዬ ይወድቅብናል” ትላለች ልጃቸው፡፡ ፍቅር ነው፣ አልፈርድባትም፡፡ ግን ቁጭ ያለ እግር ይከዳል፤ የከዳ እግር ደግሞ ይጥላል፡፡

ፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፡፡ እርምጃ ያሳጥራል፣ በር ላይ ሲደርሱ እግርን መሬት ላይ ያጣብቃል፣ ሚዛን ያሳጣል፡፡ መድኃኒቱ የሰውነት መገተርን ቢያላላም ለሚዛን ብዙም አይደርስም፡፡ እዚህ ላይ ነው ስፖርት የሚገባው፡፡ በ2012 አሜሪካ ኦሬገን ውስጥ 195 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው በሳምንት ሁለቴ ለስድስት ወር ሠሩ፡፡ ታይ ቺ የተባለውን የቻይና ዝግ ያለ እንቅስቃሴ የሠሩት በሚዛን በለጡ፤ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከሠሩት ይልቅም ትንሽ ጊዜ ወደቁ፡፡ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ሕሙማን ጓንት አጥልቀው ከረጢት ይደበድባሉ፡፡ ቡጢ የሚሰነዝርባቸው የለም እንጂ ልምምዱ የቦክሰኛ ነው፡፡

ሥራውን ላየው ለኳስ ሰው እንግዳ አይደለም፡፡ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሸጋገር፣ ወደ ጎን መራመድ፣ እግርን አንስቶ በሰፊው መርገጥ፣ በጭብጨባ ምት መሄድ፡፡ የእኛ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት የሚያሟሙቁት ማለት ነው፣ ዝግ ብሎ! ታዲያ ክለቦቻችን በሳምንት አንድ ማለዳ አንድ አሰልጣኝና የሜዳ ጥግ ቢሰጡ ምን ይጎድላቸዋል? በእርግጥ ፊዚዮቴራፒስት ሊመራው፣ ከጎን የሚደግፍ ሰው ሊኖር፣ ሰዓቱም መድኃኒቱ የሚሠራበት ሊሆን ይገባል፡፡

እኔ ጋሼን በክንዳቸው ይዤ ሰፈራችን ሜዳ ልውሰዳቸው ብዬ ልጃቸውን ጠይቄያለሁ፡፡ “ሐኪሙን ላነጋግር” ብላኛለች፡፡ እየጠበቅኩ ነው፡፡