የመንገደኛ እሳት

 

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶቻችን ጓዛቸውን አንግበው ከከተማ ወጣ ማለት ይወዳሉ። የአላህን ፍጥረት ማየትና በሜዳ ላይ በጀመዓ መስገድ መልካም ነገር ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ከጓዙ መካከል ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ እሳት።

በአንድ ወቅት ከመድረሳ ተማሪዎቻችን ጋር ደንገጎ ተራራ ላይ ለማደር ተነሳን። ዝግጅቱ የተጀመረው ቀፊራ ገበያ ነበር። ተምር፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ገዛን፤ በማዳበሪያ ከሰልና አንዲት የቆርቆሮ ምድጃም ጨመርን። «ኡስታዝ፣ ይህን ሁሉ ማን ይሸከመዋል?» እያሉ ልጆቹ ሳቁ፤ በየተራም ተሸከሙት።

የድሬዳዋን ሙቀት ለለመደ ሰው የደንገጎ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዒሻእ ሶላት በኋላ ልጆቹ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ እናስገባው ብለው ጠየቁን። «ፍሙ ቀልቷል እኮ ኡስታዝ፣ ጢስ የለውም» አሉ። እኛም «ከቀላስ ግድ የለም» አልን። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ይህንኑ ነበርና።

ለሌሊት ሶላት ስንነቃ ራሳችን ከብዶን፣ ጉልበታችንም ከድቶን ነበር። አጠገባችን የተኛው ልጅ ያስመልሰዋል፤ ሌላው ቢጠሩትም አይሰማም። ድንኳኑን ገልጠን ሁሉንም እየጎተትን አወጣናቸው። ንጹሕ አየር ሲያገኙ ቀስ በቀስ ነቁ፤ በመጀመሪያ ባገኘነው መኪናም ወደ ሕክምና ወሰድናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ተረፉ። ግን ለሶላት ባንነሳ ኖሮስ? ለወላጆቻቸው ምን ብለን እንመልስ ነበር?

የልጆቹ ጠላት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። የቀላ ፍምም ያወጣዋል። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ ሰውነት አየር እየሳበ በኦክስጅን እጦት ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለ የመንገድ ምድጃ አለ ወይ ብለን ጠያየቅን። በውጭ አገር ተራራ የሚወጡ ሰዎች እንደ ኪኒን የተጠፈጠፈ ነጭ ጠጣር ነዳጅ ይይዛሉ። «ኤስቢት» በሚል ስም የታወቀውን በ1936 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ኤሪክ ሹም የተባለ ጀርመናዊ ነው። ነዳጁ የሚሠራው ሄክሳሚን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። 14 ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ ለ12 ደቂቃ ያህል ትነዳለች፤ ነፋስ ከተከለሉላትም ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ታፈላለች። ምድጃዋ ታጥፋ ኪስ ውስጥ ትገባለች። አመድ አትተውም፣ ጢሷም እምብዛም አይታይም።

ታዲያ መፍትሔው ተገኘ? አልተገኘም! ይህችም ስትነድ መርዛማ ጋዝ ስለምታወጣ በድንኳንም ሆነ በቤት ውስጥ አትለኮስም። ሕፃን ከረሜላ መስላው ቢውጣት ትመርዘዋለች። በቀላሉ ተቀጣጣይ በመሆኗም በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ መያዟ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ይዘውላችሁ እንዲመጡ አትላኩባቸው። ነዳጁ ቢቀልም ጥንቃቄው አይቀልም። ጢሱ ያልታየ እሳት ሁሉ መርዝ የለውም ማለት አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዋቂዓህ (56፡71-73) ስለምናቀጣጥለው እሳት ይጠይቀናል፤ መገሠጫና ለመንገደኞችም መጠቀሚያ እንዳደረገውም ይነግረናል። መጠቀሚያነቱን ይዘን መገሠጫነቱን አንርሳ። መዲና ውስጥ አንድ ቤት በሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኑን ተናግረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! በዚያች ሌሊት ግን መምህሩ ራሱ አልሠራበትም።

ወጣቶች ሆይ! ለጉዞ ስትነሱ ከቤት የተፈላ ሻይ በፔርሙዝ፣ ተምርና ዳቦ፣ ለብርዱም ወፍራም ጋቢ ያዙ። እሳት ካስፈለጋችሁ ውጭ፣ ከደረቅ ሣር ርቃችሁ አንድዱ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍስሳችሁ ማጥፋት አትርሱ። አንዱ ጓደኛችሁ ራሱን ካመመው ሁላችሁም ወዲያውኑ ውጡ፤ ወደ ሕክምናም ውሰዱት።

ወላጆች ሆይ! ማታ ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ምድጃው ከክፍል ይውጣ። ልጆች በአላህ ዘንድ የምንጠየቅባቸው አማና ናቸው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።