ለጊፋታ አንድ ጨዋታ

ወላይታ ለዘመን መለወጫ በዓሉ ለጊፋታ የሚዘጋጀው ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዶቹ ለሠንጋው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ የምትውለው እሑድ ስትደርስ ቅርጫው፣ ዳጣው፣ የሃያያ ሌኬ ጭፈራው፣ የዘመድ ጥየቃው ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲጨመር እሻለሁ፤ በዓሉ በመጣ ቁጥር ሶዶ ላይ የሚደረግ፣ ተጋጣሚው የማይቀያየር የእግር ኳስ ጨዋታ። ወላይታ ድቻ ከሲዳማ ቡና።

ተጋጣሚውን ለምን እንደመረጥኩ እመጣበታለሁ።

ኳስና በዓል ሲጋቡ የመጀመሪያው ዓመት ላያምር ይችላል። አሜሪካኖች ዛሬ «ሮዝ ቦል» የሚሉት፣ በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከአዲስ ዓመታቸው የአበባ ሰልፍ ጋር የሚካሄደው የኮሌጆች ጨዋታ (በእጅ የሚያዘውን የእነሱን ኳስ ማለቴ ነው) በ1902 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሚቺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ደበደበው፤ ስታንፎርዶች ጨዋታው ሳያልቅ በቃን አሉ። አዘጋጆቹ አፍረው ኳሱን ትተው፣ ለተወሰኑ ዓመታት እንደ ጥንት ሮማውያን የሠረገላ እሽቅድምድም ሲያሳዩ ቆዩ። ኳሱ የተመለሰው በ1916 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ያለ ጨዋታው አይታሰብም።

የእኛዎቹ ደግሞ በተቃራኒው ሄደዋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ1984 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ላይ የጀመሩት የእግር ኳስ ውድድር ራሱ በዓል ወጣው። ዛሬ በየዓመቱ በአሜሪካ የነጻነት ቀን ሰሞን ከየግዛቱ የሚተመው ሕዝብ ግማሹ የዋንጫውን አሸናፊ መጠየቁንም እንጃ። ክትፎው አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ የጠፋ ጓደኛ አለ።

ወላይታ በዓሉም ቡድኑም አለው። በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው ድቻ በአሠልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ በ2006 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ፣ በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከዛማሌክ ጋር ተደለደለ፤ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ከሆነው ዛማሌክ ጋር። የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸነፈ። መጋቢት 2010 ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ተሄደ፤ 4 ለ 3፣ «የጦና ንቦች» የሚባሉት ድቻዎች አለፉ። በክለብ ደረጃ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ምሽት ብዙ የላትም።

ያ የመጀመሪያው ድል ግን የተገኘው ሶዶ ላይ አልነበረም፤ ሐዋሳ ላይ ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ሊጉ ለቴሌቪዥን ሲባል በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ሲጀምር የሶዶ ሰው ቡድኑን በዲ.ኤስ.ቲቪ መመልከት ለመደ። ጥቅሙን አልክድም፤ ገንዘብ መጥቷል፣ ሜዳውም ታይቷል። ነገር ግን ደጋፊ ማለት ተጫዋቹን በስሙ ጠርቶ የሚቆጣ ሰው ነው፤ በስክሪን ላይ ቁጣው አይሰማም። ጊፋታ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን ከሆነ ቡድኑስ ለምን ይቀራል?

አሁን ወደ ሲዳማ ቡና። ድቻ ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ ካሸነፈ ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ፣ ሰኔ 2010፣ በዚያችው ከተማ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣ ግጭት ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ ሲዳማ በ2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2015 ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች። ትናንት በአንድ ክልል ሥር የነበሩ ሁለት ክለቦች ዛሬ በወሰን ተለያይተዋል። ኳስ ያስታርቃል የሚለውን አባባል ብዙም አላምንበትም፤ ኳስ ያጣላባቸውን ሜዳዎች አይተናልና። የማምነው በግብዣ ነው። በበዓል ቀን የተጠራ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ደግሞ የሚዋረደው በገዛ አባቶቹ ፊት ነው።

ግብዣ ደግሞ ይመለሳል። ሲዳማዎች በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበላቸው የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ አላቸው፤ ድቻ በዚያ ቀን እንግዳ ሆኖ ይሂድ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የፊቼን ቀን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ሰማዩን፣ ከዋክብቱን አይተው ነው። የሊጉ መርሐ ግብር አውጪዎች ሰማይ ማየት ስለማይችሉ በየዓመቱ ለአያንቶዎቹ ደብዳቤ መጻፍ ሊኖርባቸው ነው። ይጻፉ። ዳኛው ግን ከሁለቱም ክልል ባይሆን ይሻላል።